ለሻለቃ ይመር ከማዶ የጮህኩት እንግሊዝኛ

ባለፈው ሳምንት ደሴ በማስተምርበት የቋንቋ ክፍል አንድ ወጣት መቶ አለቃ ወንበሩ ጫፍ ላይ ወገቡን ቀጥ አድርጎ ተቀምጦ የምለውን ሁሉ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ይቀበለኝ ነበር። "ገባህ?" ስለው "የስ፣ ቲቸር!" ይላል። አንድም ነገር እንዳልገባው ከዓይኑ ታወቀኝ። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ እጄ ሥራ አልይዝ አለኝ፤ ሐሳቤ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሐይቅ ከተማ እናቴ ቤት ወደተቀመጥኩበት ጥቅምት እየሄደ አስቸገረኝ።

ተቀመጥኩ አልኩ እንጂ መቀመጥስ አልቻልኩም ነበር። ጠዋት የሥራ ማስታወቂያ ለማየት እወጣለሁ፤ "ሥራ አገኘሽ?" የሚለኝን ሰው ሽሽት በጓሮ መንገድ እመለሳለሁ፤ ቤት ስደርስ ግድግዳው ያፍነኝና ደግሞ ወደ ሐይቁ ዳር እወርዳለሁ። ሰው ማናገር የምፈራ ልጅ እንግሊዝኛ ማጥናቴ እናቴን ሁልጊዜ ያስቃት ነበር። "በአማርኛ ምን ተናግረሽ ነው በእንግሊዝኛ የቀረሽ?" ትለኛለች።

ሻለቃ ይመር እንግሊዝኛ አስተምሪኝ ብለው የመጡት በዚያ ሰሞን ነው። የእናቴ የአጎት ልጅ ናቸው፤ እኛ አያ ይመር ነው የምንላቸው። ዕድሜያቸውን በጦር ሠራዊት ያሳለፉ፣ ግንባራቸው ላይ ትንሽ ጠባሳ ያለባቸው፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ወደ ውጭ አገር ለሚላኩ ወታደራዊ ታዛቢዎች የሚሰጠውን ሥልጠና ወስደው ነበር። ካርታውን፣ ሬዲዮውን፣ መኪና መንዳቱን አልፈዋል፤ የወደቁት በእንግሊዝኛ የቃል ፈተና ነው። አንድ ጊዜ እንደገና እንዲሞክሩ ተፈቅዶላቸዋል። አሁን ከወደቁ ዕድሜያቸው ለሌላ ዙር አያደርሳቸውም።

ሐይቁ ዳር ካለ አንድ አሳ ቤት ዛፍ ሥር ተቀምጠን መማር ጀመርን። የተጠበሰውን አሳ አጥንቱን አንድ በአንድ እያወጡ፣ ስለ መጀመሪያው ፈተና አጫወቱኝ።

"'መንገዱ ላይ ያየሃቸው መኪኖች የወታደር ናቸው ወይስ የሲቪል?' ብሎ ነው አሉ ፈታኙ የጠየቀኝ። 'የስ፣ ሰር' አልኩት።"

"ከዚያስ?"

"'የትኛው?' አለኝ። 'የስ፣ ሰር!' ሰውዬው ሳቀ። ያለፍኩ መስሎኝ እኔም አብሬው ሳቅሁ።"

አብረን ሳቅን። ወዲያው ግን ፊታቸው ተለወጠ። "እንግዲህ አለቃ ሲናገር 'አልሰማሁም፣ ይድገሙልኝ' የሚባል ነገር አልለመድኩም። ልቤ ወዴት ሄዶ ነው ያልሰማሁት? ያሳፍራል።"

ለምን ይህን ያህል መሄድ እንደፈለጉ ጠየቅኋቸው። "መሣሪያ ሳልይዝ ያየሁትን ብቻ የምናገርበት ሥራ ነው" አሉኝ። "አንድ ጊዜ እንኳ እንደዚያ ሆኜ ወታደር ብሆን ብዬ ነው።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጭንቀታቸው ወደ እኔ ተጋባ። ችግሩ እኔንም "የስ" እያሉ ማለፋቸው ነበር። ረጅም ጥያቄ ስጠይቃቸው "የስ" ይላሉ፤ እኔም አልገባዎትም ማለት እያፈርኩ ወደሚቀጥለው እሄዳለሁ። በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሻለቃ ናቸው፤ እኔ ደግሞ የአሳ ቤቱን አስተናጋጅ ጨው ለመጠየቅ የምሽኮረመም ልጅ። ለፈተናው የቀረን ጊዜ አንድ ወር አይሞላም ነበር።

አንድ ቀን እናቴና እኔ እሸት ብሉ ተብለን ከውጫሌ በላይ አምባሰል ወደሚገኘው መንደራቸው ሄድን። እናታቸው እማማ ዘነቡ የማሽላ እሸት ጠብሰው፣ ጥንቅሽ ቆርጠው ተቀበሉን። ልጃቸው የቃላት ወረቀት ይዘው ሲያጉተመትሙ ባዩ ቁጥር ይቆጣሉ።

"ዘንድሮስ ይቅርብህ! ከጦርነት ተርፎ ገባልኝ ብዬ ሳልጨርስ ደግሞ የሰው አገር!"

"እማዬ፣ እንግሊዝኛው አልገባ ብሎኛል፤ አብሽሪ፣ የትም አልሄድ።"

"የእኔስ አማርኛ መች ገብቶህ ያውቃል!"

ጥንቅሹን እየላጥን ሳለ ከገደሉ ማዶ ድምፅ ተሰማ። በዚያ አገር የጎረቤት ቤት ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ለመድረስ ግን ሸለቆውን ወርዶ ወዲያ መውጣት ስለሆነ ሰው የሚነጋገረው በጩኸት ነው።

"ይመር! ኧረ ይመር ሆይ!"

"ወዬ! ሰይድ ነህ?"

"በሬህ ማሽላዬን ጨረሰልኝ!"

ነፋስ መጣ። አያ ይመር እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው "አልሰማሁም! ድገመው!" አሉ። ሰይድ ደገመ። "በሬዬ ማሽላህ ውስጥ ገብቷል! መጣሁ!" ብለው መለሱና ዱላቸውን አነሡ። እዚያ ደንቡ እንዲህ ነው፤ መልእክት የተቀበለ ሰው የሰማውን መልሶ ሳይናገር እግሩን አያነሣም። ያልሰማም አልሰማሁም ይላል፤ የሚወቀሰው ነፋሱ ነው።

አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ሲመለሱ "አያ ይመር፣ ነገ ትምህርቱን እዚሁ እናድርገው" አልኳቸው። "እኔ ከማዶ ሆኜ እጠይቅዎታለሁ።"

ምን እንዳልኩ የገባኝ በማግስቱ ሰይድ ደጅ ስቆም ነው። ከዚህም ከዚያም ማዶ ሰው ሥራውን ትቶ ወጥቷል። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ክፍል ፊት ቆሜ ጽሑፍ ሳቀርብ ድምፄ ከመጀመሪያው ወንበር አያልፍም ነበር። አፌን ከፈትኩ፤ ምንም አልወጣም።

"እህቴ፣ ወፍ ነው እንዴ የምታስተምሪው?" አለ ሰይድ። "ከሆድሽ አውጪው!"

ጮህኩ። ምን እንደሚያዩ በእንግሊዝኛ ጠየቅኋቸው። ከማዶ "የስ፣ ሰር!" የሚል ድምፅ ተንከባለለ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እንግሊዝኛ የማያውቀውም፣ መልሱ ከጥያቄው ማጠሩን አይቶ ሳይሆን አይቀርም።

"ኖ! አያ ይመር፣ አልገባዎትም!" ብዬ ጮህኩ። በአሳ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ያቃተኝ ቃል ገደሉን ተሻግሮ ሄደ።

የተቀየሙ መስሎኝ ደነገጥኩ። ከዚያ እጃቸው ወደ ጆሯቸው ሄደ፤ በእንግሊዝኛ "ድገሚው!" አሉ። ደገምኩ። የሰሙትን መለሱልኝ፤ ቀጥሎ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ያዩትን ይዘረዝሩ ጀመር። አንዲት ሴት ልጅ፣ አንድ ቀጭን ሰው፣ በማሽላ ውስጥ አንድ በሬ።

"ምን አለ?" አለኝ ሰይድ።

"በሬው ማሽላዎ ውስጥ ነው አሉ።"

"ደግሞ ገባ?" ብሎ እየተራገመ ሮጠ።

እስከ ፈተናው ድረስ እዚያው ሰንብቼ በየቀኑ ተጯጯህን። ድምፄ ሰለለ፤ የማር ውኃ እየጠጣሁ ቀጠልኩ። አያ ይመር ፈተናውን ጨርሰው ሲደውሉ "ሁለቴ አስደገምኳቸው፤ አበቃልኝ መሰለኝ" አሉኝ። ውጤቱ እስኪመጣ ከቤት ወጥቼ መግባት፣ ገብቼ መውጣት ሆነ ሥራዬ። አልፈው ነበር።

ደስታዬን ይዤ ወደ እማማ ዘነቡ ሄድኩ። ሰምተዋል። ደጃቸው ላይ ማሽላ እየወቁ ነበር፤ ቀና ብለው አላዩኝም። "ከጦርነት የመለሰልኝን ልጅ፣ አንቺ ደግሞ በቋንቋ ወሰድሽብኝ" አሉ። አጠገባቸው ተቀምጬ ማሽላውን አብሬ አነፈስኩ።

አያ ይመር ከሄዱ ቆዩ። ያሉበት አገር ስም በዜና በተጠራ ቁጥር ያለሁበት ቦታ ይጠበኛል። የተመኙትን ሥራ ማግኘታቸውን አውቃለሁ፤ በዚህ አልጸጸትም። ቢሆንም አንድ ሰው የፈለገበት እንዲደርስ መርዳት፣ የቀረውን ሰው አያሳርፍም፤ ይህን ማንም አላስተማረኝም ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከደሴ በሚኒባስ ወደ ውጫሌ እሄድና ከዚያ ወደ እማማ ዘነቡ እወጣለሁ። ባለፈው ዓመት ስልካቸውን ከመቀነታቸው ፈትተው "የልጄን ስልክ ፈረንጅ ቢያነሣው ምን እለዋለሁ?" አሉኝ። ደህና ነው ወይ የሚለውን በእንግሊዝኛ ነገርኳቸው።

"እሱን አይደለም" አሉኝ። "አለ ወይ፣ የሚለውን ነው።"

አስተማርኳቸው። እስከ ዛሬ አላስፈለጋቸውም። በመጣሁ ቁጥር ግን እንዳይጠፋቸው ያሰሙኛል፤ አሁንማ ምላሳቸው ተፈቷል፤ አንዲት ድምፅ ሳይስቱ ጥርት አድርገው ይሉታል። ተማሪዎቼን ሁሉ ጎበዝ እላለሁ፤ እሳቸውን ማለት ግን አልሆነልኝም።