የእሁድ ጠዋት አውቶቡስ

እንደ ፈረንጆቹ በ2023፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወራት ነው። ልጄ አራት ዓመቷ ነበር። ለእኛ የደረሰን ቤት ከፍራንክፈርት ዳር፣ ከመጋዘኖች ጀርባ ነው። ቤቱ ሞቃትና ደረቅ ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ከደጃችን ግን በእግር የሚደረስበት ነገር የለም። ዳቦ ለመግዛትም አውቶቡስ ነው። እሁድ ደግሞ አውቶቡሱ አርፍዶ ይጀምራል።

ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ ወንጌል ተነቧል። በእኛ ደብር ከወንጌል በኋላ የደረሰ አይቆርብም፤ ሕፃንም ቢሆን። ሥርዓቱን አውቃለሁና ስለ አውቶቡሱ ለአባ ነግሬ አላስቸገርኳቸውም። ከኋላ ቆመን አስቀድሰን እንመለሳለን። ልጄ ሳትቆርብ ወራት አለፉ።

የክርስትና እናቷ የምትኖረው ኒድ በሚባለው የከተማው ሰፈር ነው። ጀርመን የገባነው አንድ ሰሞን ነው፤ በስደተኞች መጠለያውም አንድ ክፍል ነበርን። ለእሷ የደረሳት ቤት የትራም ፌርማታው ከመስኮቱ ሥር ነው። ዳቦ ቤቱ፣ የሕፃናት ሐኪሙ፣ መዋለ ሕፃናቱ ሁሉ በትራሙ መንገድ ላይ ናቸው። ልጆቿ ከፊቷ እየሮጡ በእግራቸው እስከ ኒዳ ወንዝ ይወርዳሉ። ዳቦ ሻጯ በስሟ ትጠራታለች። እኔን በሰፈሬ የሚያውቀኝ ቢኖር አውቶቡስ ስጠብቅ የሚያየኝ ነው።

ቀናሁ። ጸለይኩበት፤ በጸሎቱ መሀል ፌርማታዋ ይመጣብኛል።

አንድ እሁድ ሁለቱ ልጆቿ ቆርበው፣ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ወደ እኛ መጡ። ልጄ አየቻቸውና፣ ሳትቆርብ፣ የራሷን ነጠላ ስባ አፏን ሸፈነች።

ስንወጣ ክርስትና እናቷ ቅዳሜ ማታ እነሱ ጋ እንድናድር ለመነችኝ። ባለቤቴ ብቻውን ያድራል ብዬ አመካኘሁ። አየር ማረፊያ የሌሊት ሥራ እንደሚገባ ታውቃለችና ሳቀች።

«እንግዲያው አውቶቡሱን ራስሽ ንጂው» አለችኝ። «ደግሞስ ያንቺ ብቻ ልጅ ናት እንዴ? ክርስትና ያነሳኋት እኔ አይደለሁም?»



በሚቀጥለው ቅዳሜ ሄድን። አልጋዋን ለእኛ ልትለቅ ፈለገች፤ እምቢ ብዬ ከልጆቹ ክፍል መሬት አነጠፍኩ። ልጄ መስኮቱ ላይ ተለጥፋ ትራም በመጣ ቁጥር ትጮሃለች። እራት ላይ በጀርመንኛ፣ እዚህ መኖር እፈልጋለሁ አለች።

«እናትሽስ?» አለቻት ክርስትና እናቷ።

«እሷ በአውቶቡስ ትምጣ።»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ተነስቼም ሳህኖቹን ሰበሰብኩ።

ጠዋት ሳይነጋ ነቃሁ። ቤቱ ጸጥ ብሏል። መንገዱ የቀረበው ሰው ተረጋግቶ ይተኛል፤ እሷም ብዙ ጊዜ እየሮጠች ነው ለወንጌሉ የምትደርሰው። የእኔን ብቻ ቀስቅሼ ልውጣ ብዬ አሰብኩ። ያኔ ትራሙ መጣ። ውስጡ መብራት እንጂ ሰው የለም። በመስኮት እያየሁ አሳለፍኩት፤ እዚያ ሰፈር ሌላው ወዲያው ይከተላል።

ሦስቱንም ልጆች ቀሰቀስኩ። ፊታቸውን አጥቤ አለበስኳቸው። ከቅዳሴ በኋላ የሚቀምሱትን በቦርሳዬ ያዝኩ። ከዚያ ሄጄ የእሷን በር አንኳኳሁ።