በረንዳ ላይ የተሸጠችው ላንድሮቨር

ያኔ፣ ከሶማሊያው ጦርነት ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ድሬ ዳዋ ውስጥ መኪና የምትነዳ ሴት ብትጠይቁ ሰርካዲስን ነበር የሚያሳዩአችሁ። መንዳቱን ያስተማራት ሹፌር የነበረው ባሏ ነው፤ ነፍሱን ይማረው። እሱ ካረፈ በኋላ ልጆቿን የምታሳድገው ከኤረር ብርቱካን እያመጣች በመሸጥ ነበር። የኤረር መንገድ ደግሞ አሸዋ ነው፤ ደረቁ ወንዝ ተራ መኪና አያሳልፍም። ስለዚህ የጆሮዋን የአንገቷን ወርቅ ሸጣ ወርሳሜ ከሚባል ነጋዴ ያገለገለች ላንድሮቨር ገዛች። በሯ በሽቦ የሚታሰር ነበር፤ ሞተሯ ግን ጤነኛ፣ አራቱም ጎማዋ የሚጎትት።

ሽያጩ እንደ አገሩ ደንብ ሆነ። ሽማግሌዎች ባሉበት ዱዓ ተደረገ፣ አሚን ተባለ፣ ቁልፉ ተሰጠ፣ አለቀ። ወርሳሜ የመኪናዋን ሊብሬ በጨርቅ ጠቅልሎ ሲሰጣት ከፍታ አላየችም። ዱዓ ከተደረገ በኋላ ወረቀት መመርመር ሰው መጠርጠር ይመስል ነበርና።

ጉዱ የወጣው ስም ልታዞር ከዚራ ሰፈር ወዳለው የመኪና መዝገብ ቢሮ ስትሄድ ነው። ሊብሬው በወርሳሜ ስም አይደለም፤ ሰማታር በሚባል ሽማግሌ ስም ነው። ለካ ወርሳሜም ከእሱ ሲገዛ በዱዓ ብቻ ነበር የገዛው። የቢሮው ጸሐፊ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ወሩ ሳያልቅ ሰማታር ራሱ ቀርቦ ለእሷ መሸጡን ካልተናገረ መኪናዋ እንደምትወሰድ ነገራት።

ወርሳሜ አፍሮ ሽማግሌውን ሊያመጣ በመጀመሪያው ባቡር ወደ ደወሌ ሄደ፤ ሰማታር የሚኖረው እዚያ ጠረፍ ላይ ነበር። ሰርካዲስን ያስጨነቃት ግን ሌላ ነው። በወረቀት መኪናዋ የሽማግሌው ናት። መልሱልኝ ቢል ማን ይከለክለዋል?

ሰማታር መጣ። ጢሙን በሂና ያቀላ ረጅም ሰው ነው። ቢሮው በረንዳ ላይ ቆሞ ነገሩን ሁሉ ሰማና ራሱን ነቀነቀ።

«እኔ የሸጥኩት ለወርሳሜ ነው። ይችን ሴት ገና ዛሬ አየኋት። ለእሷ ሸጥኩ ብዬ አልዋሽም።»

«አንዲት ቃል ናት እኮ አደር» አለ ወርሳሜ፤ አጎቴ እንደማለት ነው።

«ሊብሬ ማዞር የረሳ ሰው ስለ ቃል ያስተምረኛል?»

«አንተም እኮ ረስተሃል፣ አቦ።»

ሽማግሌው ሳቁ አመለጠው። ጥቂት አሰበና፣ «በል እንግዲያው መኪናዋን መልስልኝ» አለ።

ከቢሮው ፊት ካለው ዛፍ ጥላ ሥር ጫት ይዘው የተቀመጡ ሽማግሌዎች ተጠሩ፣ ሁለቱም ሽያጮች በዱዓ ፈረሱ፣ ቁልፉም ሰማታር ኪስ ገባ። ሰርካዲስ ልጆቼን በምን አበላለሁ እያለች ቆማ ስታየው ሰማታር ወደ እሷ ዞረ።

«አሁን የእኔ ናት። ትገዣለሽ ልጄ?»

«በምን ልግዛት አባባ? ያለኝን ሁሉ ለወርሳሜ ሰጥቻለሁ።»

«እሱ ያንቺን ገንዘብ ይዞ እኔ የምመልስለትን ይቅር ብሎኛል። ግን ያለ ዋጋ ሽያጭ የለም። ከኋላ የጫንሽው ምንድን ነው?»

«ብርቱካን።»

«አንድ ቅርጫት።»

ሻጭና ገዢ እጅ ለእጅ የሚያያዙበት ደንብ ነውና፣ እጇን እንዳይነካ የሻሉን ጫፍ ዘረጋላት፤ ያዘችው። አሚን ሲባል አሚን አለች፣ በነጠላዋ ውስጥም አማተበች። ማንንም አልከፋውም።

ጸሐፊው በመስኮት ሁሉንም ሰምቷል። እንደ ሥራው ግን ለዚህች ሴት ሸጠዋል ወይ ብሎ ጠየቀ።

«ሸጫለሁ» አለ ሰማታር፣ «በረንዳህ ላይ።»

ማኅተሙ አረፈ። ሽማግሌውን ከነቅርጫቱ ባቡር ጣቢያ ያደረሰችው እሷ ናት። ምስጋናዋን ስትደረድርለት፣ ፊትሽን ወደ መንገዱ አድርጊ ብሎ ዝም አሰኛት። ልጆቿ በዚያች መኪና ነው ያደጉት፤ የሰማታር ስም በተነሳ ቁጥር እግዜር ይስጠው ሳትል አታልፍም ነበር።

ማኅተሙ ባረፈ በማግስቱ ኤረር ስትወርድ ኬላ ላይ ወታደሩ ሊብሬውን ተቀብሎ አነበበና ከኋላ ወደ ጫነቻቸው ተሳፋሪ ወንዶች አንጋጦ፣ «ሰርካዲስ ወልደጻድቅ የማናችሁ ሰው ናት?» አለ።

«እኔ ነኝ» አለች፣ መሪውን እንደያዘች።