በሰልፉ ቀን የደረስኩት ለቅሶ

ሰልፉን ያሰብነው አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ነው። ሰኔ ገብቶ ማሳው ታርሷል። ማዳበሪያው ገና ነው እየተባልን ቡሬ ላይ ነጋዴ ቤት ተቆልሎ እናያለን። ከማኅበሬ ሴቶች ጋር ፍኖተ ሰላም ድረስ ሄደን አቤት ልንል ተስማማን። ጠብ ፈላጊ እንዳንመስል ነጠላችንን እንደ ኀዘንተኛ አዘቅዝቀን፣ ድምፅ ሳናሰማ እንድንቆም ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ።

ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ልጆቼም ሩቅ ስለሆኑ፣ ቅርቤ የምላቸው እነዚህ ሴቶች ነበሩ። የማርያምን ጽዋ አብረን ስንጠጣ ብዙ ዓመት ሆኖናል።

ከጅጋ በኩል በእግራቸው የመጡ ገበሬዎች ተቀላቀሉን። ማዳበሪያውን የሚያድለው ቢሮ በር ላይ ቆምን። ፀሐዩ ሲበረታብኝ ውሃ ልለምን በጓሮ ወዳለው በር ዞርኩ። እዚያ ያለው ጥበቃ ሰልፉ አይታየውም። ልብሴን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

“ለቅሶ ሊደርሱ ነው እናቴ? ይግቡ፣ የኃላፊው ክፍል ሁለተኛው ነው።”

የማን ለቅሶ እንደሆነ አላወቅሁም። ኃላፊውን ፊት ለፊት ላገኘው ነው ብዬ ብቻ ገባሁ።

ኃላፊው ጥቁር ሸሚዝ ለብሷል፣ ጢሙ አድጓል። ዕድሜው ከትልቁ ልጄ ብዙም አይበልጥም። ሲያየኝ ተነሥቶ አለቀሰ። እናቱን የቀበረው በዚያው ሳምንት ኖሯል። ስንት ቀን ያጠናሁት አቤቱታ ከአፌ ጠፋ። እግዜር ያጥናህ፣ ነፍሷን ይማር ብዬ ተቀመጥኩ። ከልቤ ነበር።

ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ማዳበሪያ ደርሶኝ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ አልደረሰኝም አልኩ። ወዲያው ወረቀት ጽፎ ማኅተም መታበትና በሁለት እጁ ሰጠኝ። በዚያው ቀን ከመጋዘን እንድወስድ ነው።

ወረቀቱን ተቀበልኩ። አልዋሽም፣ ፈልጌዋለሁ። ግን እኛን በር ላይ ያቆመን እንዲህ ያለው፣ ለቀረበ ሰው ብቻ የሚጻፍ ወረቀት ነው።

“ልጄ፣” አልኩት፣ “ውጭ የቆሙት ጓደኞቼ ናቸው። ለእነሱም ከሆነ እወስዳለሁ።”

አንገቱን ደፋ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትቼ በፊት ለፊት በር ወጣሁ።

ሴቶቹ ከበቡኝ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ጎረቤቴ፣ ልጄን ክርስትና ያነሣችው፣ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

“እኛ በፀሐይ፣ እመቤቲቱ በወንበር። ስንት ኬሻ ተሰጠሽ?”

ሌሎቹ ሳቁ። ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው ወጥቶ አቤቱታችንን ተቀበለና እናየዋለን አለን። በሰላም ተበተንን። ወደ ቡሬ በተመለስንበት አይሱዙ ላይ አጠገቤ የተቀመጠ አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ በማኅበር ቀን ጽዋዬን ይቀዱልኛል፤ ወሬያቸውን ግን እኔ ስገባ ያቋርጡታል። በመጨረሻ ማዳበሪያው ሲመጣ ለአንዳንዱ ደረሰ፣ ለአንዳንዱ ቀረ። እኔ ከቀረባቸው ነኝ። በቆሎዬን በፍግ አስዘራሁ። ማታ ማታ ስጸልይ የሚያናግረኝ ሰው እንደሌለ ለእመቤታችን እነግራታለሁ። ጤናዬን ስላልነሳችኝም አመሰግናታለሁ።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ብቻዬን ሳርም ጎረቤቴ በማሳዬ ዳር ስታልፍ ቆመች። የእሷ በቆሎ ወገብ ደርሷል። የእኔ ቢጫ ነው፣ ከጉልበት አላለፈም። ብዙ አየችው።

“ማዳበሪያ ምንም አላደረግሽበትም?”

“ፍግ ብቻ” አልኳት።

ቀሚሷን ሰብስባ በወዲያኛው ጫፍ ገባችና ማረም ጀመረች። መሃል ላይ እስክንገናኝ አረምን። ተመስገን።