የእህቴ ባል ዓሣ ማሳደግ የጀመረ ሰሞን

የእህቴን ባል ሠፈሩም የቀድሞ መሥሪያ ቤቱም «ድገመው» ነው የሚሉት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሆስፒታል ውስጥ የቀዶ ጥገና መሣሪያ የሚታጠብበትና የሚቀቀልበት ክፍል ኃላፊ ነበር። ሠራተኞቹ መቀሱን አጥበው፣ ቀቅለው፣ በጨርቅ ጠቅልለው ሲያመጡለት አንዴ ያይና «ድገመው» ይላል። ለምን ቢሉት መልሱ ያው ነው፤ «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር።» በእሱ ክፍል ጥፋት ቁስሉ ያመረቀዘ በሽተኛ የለም ይባላል፤ እኔም ይህን አልነፍገውም። ጡረታ ሲወጣ ግን ጥርጣሬውን እዚያው አስረክቦ መምጣት ሲገባው ይዞት ቤት ገባ። ዳቦ ሻጩን ይጠረጥራል፣ ቆጣሪ የሚያነበውን ልጅ ይጠረጥራል፣ እኔ አዲስ ሹራብ ለብሼ ብመጣ «ምን ተገኘ?» ይለኛል።

እህቴን ባለፈው ዓመት ስትሮክ መታት። ቀኝ ጎኗ ከዳት፣ አንደበቷ ተያዘ። አዎ ለማለት ዓይኗን አንዴ ትከድናለች፣ ሌላ ቋንቋ የላትም። ከሆስፒታል ስትመለስ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች፤ እኔ ታናሿ ብጠራት እንኳ አትዞርም። ምግብ ከእኔም ከባሏም አትቀበል፣ ጥርሷን ትነክስብናለች። የምትበላው ከአስታማሚዋ እጅ ብቻ ነበር። አስታማሚዋ ሠላሳ ያልሞላት ዝምተኛ ልጅ ናት፤ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ትመጣለች፣ እሁድ ታርፋለች፤ ያን ቀን እህቴ ውኃ ብቻ ወስዳ ትውላለች። በሩን ገርበብ አድርጋ ምን እንደምታደርጋት እንጃ፣ ሳህኑ ባዶ ሆኖ ይወጣል። ሐኪሙ «ካልበላች አትቆይም» ብሎ ቁርጡን ነግሮናል።

የዓሣውን ሐሳብ ያመጣችልን እጅና እግሯን የምታሠራት ባለሙያ ናት። «የሚንቀሳቀስ ነገር አጠገቧ ይኑር፣ አንገቷን እንድታዞር። ዓሣ ለምን አትሞክሩም?» አለች። ድገመው «ከዓሣ ሻጭ ጋር ዝምድና አለሽ?» አላት። ቀልድ መስሏት ሳቀች። የምሩን ነበር።

ሱቁ አብሬው ሄድኩ። ሻጩ እጅጌውን እስከ ክርኑ የሰበሰበ ጎልማሳ ነው። የመስታወት ገንዳውን፣ ፓምፑንና ስፖንጅ ያለበትን ማጣሪያ ጠረጴዛው ላይ አወጣና «ዓሣውን ግን ዛሬ አልሸጥልዎትም» አለው። «ውኃ ሞልተው፣ ማጣሪያውን አብርተው አንድ ወር ባዶውን ያቆዩት። ውኃው መብሰል አለበት።»

«በስንት ዲግሪ?» አለ ድገመው።

«በእሳት አይደለም፣ በጊዜ ነው። ስፖንጁ ላይ ደጋግ ተሕዋስያን ይራባሉ፤ ከዓሣው የሚወጣውን መርዝ የሚያጠፉለት እነሱ ናቸው። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ሩብ ያህሉን ውኃ ብቻ ይቀይሩ፣ የቧንቧው ውኃ አንድ ቀን በባልዲ ይደርና። ስፖንጁን ደግሞ ከዚያው ከገንዳው በቀዱት ውኃ ጨመቅ ጨመቅ ነው፤ በሌላ ነገር እንዳያጥቡት።»

እሺ እሺ እያለ ሰማው። ከሱቁ ወጥተን አሥር እርምጃ ሳንሄድ ክንዴን ያዝ አደረገኝ። «ሰማሽው? ቆሻሻህን ታቅፈህ ተቀመጥ ነው የሚለኝ። ዓሣው ሲታመምብኝ መድኃኒቱን ሊሸጥልኝ ነዋ።»

ቢሆንም ወሩን ጠበቀ። ባዶውን ውኃ ከአልጋዋ ማዶ አስቀምጦ ሲጠብቅ ጎረቤት ሁሉ ተሳለቀበት፤ አንዷማ «ዓሣዎቹ እንግዳ ፈርተው ነው?» ብላ ጠየቀችው። ወሩ ሲሞላ ጅራታቸው ብርቱካንማ የሆነ ስድስት ትናንሽ ዓሣዎች ገቡ። በሦስተኛው ቀን እህቴ አንገቷን አዞረች። ቀስ ብላ፣ ማጠፊያው እንደዛገ በር። ዓይኗ ከአንደኛው ዓሣ ጋር ከዳር ዳር ሄዶ ተመለሰ። እኔ አለቀስኩ፤ ምን አፍራለሁ። ድገመው ወደ መስኮቱ ዞሮ መነጽሩን ሲጠርግ ቆየ።

ደስታው ሳምንት አልሞላም። ማክሰኞ ጠዋት ሁለቱ ሆዳቸውን ገልብጠው ተገኙ። ድገመው መጀመሪያ ሻጩን ጠረጠረ፣ «የታመመ ነው የሰጠኝ» ብሎ። ሁለት ሌላ ገዛ። በሚቀጥለው ሰኞ ሦስት ሞቱ። እህቴ ሬሳቸው በመረብ ሲወጣ እያየች በግራ እጇ አንሶላውን ጨበጠች።

«ልብ ብለሻል?» አለኝ ወጥ ቤት ጠርቶ። «እሁድ አንድም አይሞት። የሚሞቱት እሷ ስትመጣ ነው።»

«አስታማሚዋ? ምን ልትጠቀም?»

«እህትሽ ዓሣውን እያየች ብትድን፣ አስታማሚ ምን ያደርግላታል? እንጀራዋ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የዓሣውን ምግብ ኮቱ ኪስ ውስጥ ይዞ መዞር ጀመረ። ልጅቱ ከመታጠቢያ ቤት ስትወጣ እጇን ያሸታል። አንድ ቀን ቦርሳሽን ክፈቺ አላት። ከፈተችለት፤ ማበጠሪያ፣ አንድ ብርቱካንና የሚታጠፍ ጃንጥላ ነበረው። ብርቱካኑን አገላብጦ አየው። እኔ ቆሜ እያየሁ ተው አላልኩትም። አልዋሽም፣ የናቴ ልጅ ከእኔ እጅ አልበላም ብላ ከባዳ እጅ መብላቷ አንጀቴን ያቃጥለኝ ነበር። ስለዚህ መጠርጠሩ አልከበደኝም።

በሦስተኛው ሳምንት፣ እንደገና ሰኞ፣ አንዱ ሞቶ ሁለት ብቻ ቀሩ። ድገመው አልጋው እግርጌ ቆመና እህቴን «ዓሣዎቹን የገደለው ሰው እዚህ ቤት ውስጥ አለ?» አላት። ዓይኗን ከደነች። አዎ ማለቷ ነው። «በይ አሳዪኝ።» ግራ እጇን አነሣችና ጠቆመች። አስታማሚዋ ፎጣ ይዛ ከጀርባው ቆማ ነበር። ዞር ብሎ አያት፣ ከዚያ እኔን።

«አየሽ?» አለኝ።

«አባባ፣ እኔ እንኳን ዓሣ ልገድል የገንዳውን ክዳን ነክቼው አላውቅም» አለች ልጅቱ። ሲያሰናብታት አልተከራከረችም። ፎጣውን አጥፋ ወንበሩ ላይ አስቀመጠች። እህቴ ቃል በሌለው ድምፅ መጮኽ ጀመረች፤ እጇ እንደተዘረጋ ነው። ድገመው «እንዴት እንደተናደደችባት» አለ። እኔም እንደዚያ መሰለኝ።

ያን ቀን ማታ አልበላችም። ማክሰኞ አልበላችም። ሾርባውን እኔ ብሞክር ጥርሷን ነከሰች፤ እሱ ሲሞክር ፊቷን አዞረች። ውኃ ብቻ በጥጥ እየጨመቅንላት ሐሙስ ደረሰ፣ ቅዳሜ ደረሰ፣ አፏ ዙሪያ ያለው ቆዳ ተሰበሰበ። ሐኪሙ በቱቦ ልንመግባት ነው አለ። እሁድ ሁልጊዜ የምመጣው ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ያን እሁድ ግን እንቅልፍ አልወስደኝ ብሎ በጠዋት ሄድኩ።

ገብቼ አልጋው ራስጌ እንደተቀመጥኩ ድገመው የላስቲክ ጓንት አጥልቆ፣ ባልዲ ይዞ መጣ። ማጣሪያውን ነቅሎ ስፖንጁን ሲያወጣ እህቴ ያንኑ ጩኸት ጮኸች። እጇን አነሣች። ድገመው ወደ ኋላው ዞረ። ከኋላው የተዘጋ በር እንጂ ሰው አልነበረም። አንድ እርምጃ ወደ ጎን ፈቀቅ አለ። ጣቷ ተከተለው። ወደ ሌላው ጎን ፈቀቅ አለ። እዚያም ተከተለው።

ባልዲው ሸተተኝ። «ጋሼ፣ ስፖንጁን በምንድነው የምታጥበው?»

«በበረኪና ነዋ። በምን ሊታጠብ ነው?»

«በየእሁዱ?»

«በየእሁዱ። ውኃውንም ጨርሼ ደፍቼ...» አለና እጁ ላይ ያለውን ስፖንጅ አየው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ተሕዋስያን ሲገድል የኖረ ሰው ነው፤ የገደላቸው የትኞቹ እንደሆኑ ለማስረዳት እኔ አላስፈለግሁትም። ጓንቱን ሳያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«እኔ ነኝ?» አላት።

ዓይኗን ከደነች።

ያንኑ ዕለት እህቴን ጎረቤት አስጠብቀን የአስታማሚዋን ቤት አፈላልገን አገኘን። በር ላይ ቆማ ተቀበለችን፣ ግቡ አላለችም። እሱ ባርኔጣውን አወለቀ። «የገደልኳቸው እኔ ነኝ። ቦርሳሽንም አስከፍቻለሁ። አጥፍቻለሁ። ተመለሽልን።»

«ከነገ ጀምሮ ሌላ ቤት እገባለሁ አባባ።»

«ስንት ጨመሩልሽ?» አለ። አመል ነው፤ በክርኔ ጎሸም አደረግሁት።

«ምንም አልጨመሩልኝም። እጄን የሚያሸት የለም።»

እኔ መሬት መሬት አየሁ። ልጅቱ ከኋላው ቆማ ሳለ የእህቴ ጣት ወዴት እንደሚያመለክት ለማየት እኔ ጎን ቆሜ ነበር፤ ማየት ስላልፈለግሁ ነው ያላየሁት። ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች፣ እሺ ይሁን እምቢ አልለየሁትም። በሩን ልትዘጋ ካለች በኋላ መልሳ ከፈተችው።

«እማማ በሉ?»

«አልበላችም» አልኳት።

«በየማንኪያው አፋቸውን ይጠርጉባቸዋል አይደል?» አለችው። «እየተንጠባጠበም ቢሆን ይተዉአቸው። ሲጠርጉባቸው ያፍራሉ፤ ካፈሩ አይበሉም። በሩን የምዘጋው ለዚያ ነበር።»

ቤት ስንገባ ሾርባውን አሞቅሁት። ድገመው ማንኪያውን ያዘ፣ ፎጣውን ለእኔ ወርውሮ በሩን በእግሩ ገርበብ አደረገው። በክፍተቱ አየኋቸው፤ ማየት አመሌ ነው። የመጀመሪያውን ማንኪያ ተቀበለች። ግማሹ በአገጯ ወርዶ አንገቷ ላይ ፈሰሰ። እጁ ሊጠርግላት ተነሣና መንገድ ላይ ቆመ፤ መልሶ ከጭኑ ሥር አስገብቶ ተቀመጠበት። «ይቅር በይኝ» አላት። አፏን ከፈተች። ይቅር ማለቷ ይሁን መራቧ፣ እኔ እስከ ዛሬ አላውቅም። እሱ ግን አልጠየቃትም፤ ሁለተኛውን ማንኪያ ሰጣት።