አባቴና ያልተገኘው ንጉሥ

ከአብዮቱ በፊት የአባቴ የሩቅ ቅድመ አያት ንጉሥ ነበሩ። ከአብዮቱ በኋላ ግን ተረት ሆኑ። ይህን የምለው ለማሾፍ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለማሾፍም ነው።

አባቴ ባቡር ጣቢያ ትኬት ክፍል ይሠራል። በወጣትነቱ ፈረንሳዊ አለቃው፣ ጥንት ፈረንጆች ሲፈልጉት ስለኖሩት ንጉሥ አጫወተው። ሰውየው ንጉሥም ቄስም ነው። አገሩን ሁሉ የሚያይበት መስታወት አለው። በግዛቱ ደግሞ ውሃ የሌለው፣ ድንጋይ ብቻ የሚፈስበት ወንዝ አለ። ፈረንጆቹ መጀመሪያ ሕንድ ነው አሉ፤ ኋላ ደግሞ ሐበሻ አገር ነው አሉ። አባቴ ይህን ሲሰማ ጊዜ አላጠፋም። እኛ የመጣነው ከላስታ ነው፤ በላስታ ደግሞ ቄስ የሆኑ ነገሥታት ነበሩ ይባላል፤ ስለዚህ ሰውየው የኛ ነው፣ አለቀ። ሠርግ ላይም ለቅሶ ላይም ሲያወራው ኖረ። በኋላ "ፊውዳል" መባል ሲያስፈራ ንጉሡን ዋጥ አደረገው።

አምና የቀበሌያችን የግድግዳ ጋዜጣ "እውነት ወይስ ተረት?" በሚል ርዕስ ጽሑፍ ፈለገ። ስሜ ያለበት ጽሑፍ ተለጥፎ ለማየት ነፍሴ ልትወጣ ነበርና ንጉሡን መረጥኩ።

"ሌላ ነገር ጠፋ?" አለ አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ስለ ወባ ጻፊ።"

"ስለ ወባማ ሁሉም ጽፏል፣ አባዬ።"

"እንግዲያው ተረት ነው በይ። አጥብቀሽ በይ። የኛን ዘር እንዳታነሺ! የንጉሥ ዘር ነው ተብሎ ከሥራ የተባረረ ሰው አውቃለሁ።"

አጥብቄ አልኩ። አገሩን ሁሉ በመስታወት የሚያይ ንጉሥ፣ ፈረንጆች ሲንከራተቱለት እንዴት አንድ ሰው ልኮ አይቀበላቸውም? ትውልድ እያለፈ ትውልድ ሲተካ ያንኑ ሰው ሲፈልጉ፣ እሱ ሞት አያውቅም ነበር? ውሃ የሌለውንማ ወንዝ እኔም አውቀዋለሁ፤ ከተማችንን የሚያቋርጠው፣ በበጋ አሸዋና ድንጋይ ብቻ የሚሆነው ደቻቱ ነው፤ ግን ደቻቱ ስላለ ብቻ ንጉሥ ነበረ አይባልም። ሳነበው ራሴን አደነቅሁ።

እሑድ ከስብሰባ በኋላ ሰው በቀበሌው አዳራሽ፣ ጋዜጣው የተለጠፈበት ሰሌዳ ፊት ተሰበሰበ። አንዱ ጮክ ብሎ ሲያነብ ሁሉም ይስቃል። አባቴም መጀመሪያ ሳቀ። መስታወቱ ጋ ሲደረስ ፈገግታው ቀነሰ። "እንዲህ ያለ ሰው ፈጽሞ አልነበረም" የሚለው ሲነበብ ግን አልቻለም።

"ኧረ ፈጽሞማ አይባልም!" ብሎ ጮኸ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ዞር አለ። "ምነው ጓድ? ዘመድህ ነው እንዴ?"

ሳቁ ቆመ።

ያኔ ነው ጎረቤታችን ባለሱቋ ሶማሌ፣ እኛ ልጆች በሶማልኛ "ኤዶ"፣ አክስቴ፣ የምንላት፣ ሰውን በክርኗ እየገፋች የመጣችው።

"አቦ ተወው! ይሄ ሰውዬ የምን ንጉሥ አለው? ና እስቲ አያት እንቆጣጠር!" አለችና አያቶቿን በአንድ ትንፋሽ ታወርዳቸው ጀመር፤ ጣቷ አልቆባት የኔን ጣቶች ተበደረች። "አንተስ?"

አባቴ ጀመረ። ሰባተኛው ላይ ቆመ።

"ቀጥል!"

"ሰባት ነው።"

"ሰባት ብቻ? የቀሩት ባቡር አመለጣቸው? ወላሂ የኔ ፍየል ከዚህ የበለጠ ዘር አላት!"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሊቀመንበሩ ዓይኑን እየጠረገ፣ "ጓድ፣ በሰባት አያት ንጉሥ ጋ አይደረስም" ብሎ ሄደ። ኤዶ በዓይኗ ጠቀስ አድርጋኝ አለፈች። የንጉሡን ወሬ እኮ ከአባቴ አፍ ከማንም በላይ የሰማችው እሷ ናት።

ወደ ቤት ስንሄድ አባቴ ሰባቱን አያቶች በጣቱ ደግሞ ቆጠራቸው።

"በኛ አገር ሰባት የሚቆጠረው ለጋብቻ ነው" አለ በመጨረሻ። "ለውድድር አይደለም።"

"እሺ አባዬ።"

"ጽሑፍሽ ጥሩ ነው።" ትንሽ ተራመደ። "ግን እዚያ 'አልነበረም' ያልሽው ላይ፣ 'ምናልባት' ብትጨምሪበት ምን ይጎድልብሻል?"

ማስረጃ የለህም ልለው ነበር። ፊቱን ሳይ ተውኩት።

ሰኞ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ በቀበሌው በኩል አለፍኩና "ምናልባት"ን ጨመርኩለት፣ በጣም ደቃቅ አድርጌ። ሊቀመንበሩ አላየውም። አባቴ ግን ጽሑፉ እስኪነሳ ድረስ ከሥራ ሲመለስ መንገዱን በዚያ በኩል አደረገው።