ባለ ዲስኬቱ ሰው

ሰባተኛ አካባቢ፣ ሙናዊር ያገለገሉ ኮምፒውተሮች በሚሸጥበት ሱቅ፣ ስሙን የማናውቀው አንድ ሰው በየሳምንቱ ይመጣል። ካኪ ኮቱ ደረቱ ላይ የመሥሪያ ቤት ባጅ የተነሳበት ቦታ ከሌላው ጨርቅ ደምቆ ይታያል።

መርካቶ ያገለገለ ዕቃ ሳይሞከር አይገዛም። እሱ ግን ይሞክራል እንጂ አይገዛም። ሁልጊዜ ያንኑ አሮጌ ባለ አረንጓዴ ስክሪን ማሽን አስከፍቶ የራሱን ዲስኬት ይከታል። ስክሪኑ ጨልሞ ይቀራል።

«ቫይረስ ሳያራባብኝ አይቀርም» አለኝ ሙናዊር። «ከተበላሸ ማን ይገዛኛል?» ሱቁ ውስጥ ቁጭ ማለት የማዘወትረው እኔም ሰላይ ይሆናል ብዬ መጽሐፌን እያነበብኩ በዐይኔ ጥግ እከታተለዋለሁ።

ዛሬ ሙናዊር ዲስኬቱን በእጁ ከለከለው። «ጋሼ፣ ምንድን ነው የሚከቱብኝ?»

«ፕሮግራም ነው። ፊደሉን በቀጥታ ስክሪኑ ሜሞሪ ላይ ይጽፋል። ለካ የሰጠሁት አድራሻ፣ የሜሞሪው ቦታ ቁጥር ማለት ነው፣ የባለ ቀለም ማሽን ነው፤ በዚህኛው ፊደሉ ማንም የማያየው ቦታ ያርፋል።»

ሙናዊር እጁን ሲያነሳለት ዲስኬቱን ከተተ፣ አንድ ቁጥር ለወጠና ፕሮግራሙን እንደገና አስነሳው። አረንጓዴ «ሀ» በራች።

«ቢሮዎ እንዲህ ያለ ማሽን አለ?» አልኩት።

«ነበረኝ። መንግሥት ከተቀየረ ወዲህ ሌላ ልጅ ተቀምጦበታል። የእኔ ፕሮግራም አልታይ ብሎት እሱን ይቆጡታል አሉ።»

«እርስዎን ያስገቡዎታል?»

«በር ላይ እሰጠዋለሁ።»

ዲስኬቱን በመሐረብ ጠቅልሎ ወጣ። እኔ ሰላይ ባለመሆኑ በልቤ ተመስገን አልኩ። ሙናዊር ግን ማሽኑን አጥፍቶ አስነሳው፤ ትቶት የሄደ ቫይረስ ፈለገ፣ አላገኘም።

«ታዲያ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ምኔን ወስዶ ይሆን?»