ሞተሩን ወደ ኋላ ያዞርሁ ዕለት

ዛሬ ከጎረቤት የተቃጠለ ሽቦ ሸተተኝና ወንበሬን ይዤ ደጅ ወጣሁ። ይህ ሽታ ሁልጊዜ ወደ ወረታ ከተማ፣ ወደ አጎቴ ጋራዥ ይመልሰኛል።

አጎቴ ሁለቱን የእርሻ በሬዎቻቸውን ሸጠው ነበር ለብረት መቅረጫው ቶርኖ ሞተር የገዙት። በዚያ ክረምት የጎረቤቱ ቀበሌ የቁሐር ሚካኤል ወፍጮ ዘንግ ተሰብሮ መጣ። አዲሱ ዘንግ ላይ የቡሎን ጥርስ ለማውጣት ሞተሩ ወደ ፊትም ወደ ኋላም መዞር ነበረበት። ማብሪያውን የማስረው እኔ ነበርሁ።

«መሐሉ ላይ ማቆሚያ አድርግለት፣ ሳይቆም ወደ ኋላ ከዞረ ይቃጠላል፣ አንተ ችኩል!» አሉኝ።

«ምን ያደርጋል ጋሼ? እርሻ ላይ በሬ ስንመልስ መች እናቆማለን?» ብዬ ሳቅሁ። ሁለቱን ሽቦዎች አቀያይሬ፣ ከፊት በቀጥታ ወደ ኋላ እንዲዞር አድርጌ አሰርሁት።

ሦስት ጊዜ አመላለስሁት። በአራተኛው ሞተሩ አቃሰተ፤ ጭስ ተፋና ቀጥ አለ።

አጎቴ መጀመሪያ እጄን አገላብጠው አዩ።

«አልነካህም?»

«አልነካኝም ጋሼ።»

ከዚያ የሞቀው ሞተር ላይ መዳፋቸውን አሳርፈው፣ እስኪቀዘቅዝ አላነሱትም። ደጅ ዝናቡ ያለማቋረጥ ይወርዳል።

«ዘንድሮ ዝናቡ ለእርሻ ጥሩ ነው» አሉ፣ ወደ ሜዳው እያዩ።

እኔ የተቃጠለውን ሽቦ መፍታት ጀመርሁ፤ የሚያርሱበት በሬ ግን አልነበራቸውም።